ልጄ ለምን ሎፔ ተባለ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት የካ ሚካኤል ከሚያገለግሉት ቄስ አጎቴ ዘንድ ነው። ዳዊትም ጀምሬ ነበር፤ ግማሹን ሳልደግም ዳሩኝ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። እንግዳ ሲመጣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ ጥግ እይዛለሁ፤ የምጠየቀውንም በራሴ ንቅናቄ ነው የምመልሰው። አጎቴ ይህን ስለሚያውቁ ባለፈው ጊዜ ልጠይቃቸው ብሄድ ጥቂት ወረቀትና ቀለም ሰጡኝና፣ «አፍሽ እምቢ ካለ እጅሽ ይናገር። ልጁ አድጎ ስሜ ከየት መጣ ሲልሽ እንዲሁ ራስሽን ልትነቀንቂለት ነው?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ልጄን ስጠራው የሰማ ሁሉ ዞር ይላል። «ሎፔ!» ስል ውሃ ቀጂዎቹ፣ ወታደሮቹ፣ ወደ ገበያ የሚወርዱት ሰዎች «ምን አለች?» ይባባላሉ። አንዲት ሴትዮ የበሽታ ስም መስሏት ማርያም ትማርሽ ብላኛለች። እኔም አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጽፌው ልረፍ። ደግሞም ላመሰግናቸው ሲገባኝ አፌ የተያዘብኝ ሰዎች አሉ።

የተወለድኩት የካ ሚካኤል ሥር ነው፤ የተዳርኩት እንጦጦ ወገብ ላይ። ባሌ የንጉሡ ወታደር ነው። ንጉሡ ከተማቸውን ተራራው አናት ላይ ካደረጉ ወዲህ አገሩ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። ጥዱና ወይራው ተቆርጦ ቤት ሆነ፤ ጠዋት ዓይናችንን የምንገልጠው በመጥረቢያ ድምፅ ነበር። ያኔ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እየተሠራ ስለነበር ድንጋይ ጠራቢው፣ አናጢው፣ ጭቃ ረጋጩ ሁሉ በእኛ በር ነው የሚያልፈው። ከእነሱ መካከል አንድ ፈረንጅ ነበረ። አናጢ ነው። አገሩ እስፓኝ ይባላል። ነጋዴዎችን ተከትሎ ከባሕሩ ወደብ እንደመጣ ይናገራሉ። የራሱን ስም በትክክል ይዤው አላውቅም፤ እኛ ፈረንጁን ሁሉ ሙሴ ነበር የምንለው፣ እሱም ሙሴ ሲሉት አቤት ይላል።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ከዚህ ልጅ በፊት ሁለት ወልጄ ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ መሳቅ ጀምራ ነበር። ሁለተኛው ክርስትና እንኳ ሳይነሳ ሄደ። ሁለተኛውን ከቀበርን በኋላ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሾተላይ አለባት» ማለት ጀመሩ። ሾተላይ ማለት ልጅን ከእናቱ ጉያ የሚነጥቅ ነገር ነው ይላሉ፤ ሰው አያየውም፣ እሱ ግን እናት የምትወደውን ያያል። ክታብ አሰሩልኝ፣ ጸበል ወሰዱኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ሳረግዝ የደስታ ቃል ከቤታችን ጠፋ። ባሌ ወደ ዘመቻ ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ ሆዴን አየና ምንም ሳይል ሄደ። አልተቀየምኩትም።

አማቴ ግን ዝም ብለው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። ከአሮጊቶች ጠይቀው መጡና፣ «ስሚ፣ ይህ ሲወለድ እንጥለዋለን» አሉኝ።

አየኋቸው።

«አትዪኝ እንዲህ! እንጥለዋለን አልኩ እንጂ እንገድለዋለን አልኩ? አመድ ማፍሰሻው ላይ ይጣላል። ዘመድ ያልሆነ መንገደኛ ያነሳዋል፣ ስም ያወጣለታል፣ ከዚያ በአንድ ጭብጥ ገብስ እንገዛዋለን። በግዢ የመጣ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም። ሾተላይ የሚፈልገው ያንቺን ነው።»

መንገደኛዋም ተመርጣ ነበር። ከእኛ በላይ የምትኖረው ጎረቤታችን ናት፤ በቤቷ ኦሮምኛም አማርኛም ይነገራል፣ በየጠዋቱ እንጨት ልትለቅም በበራችን ታልፋለች። ሳቂታ ሴት ናት። ሲነግሯት፣ «አነሳዋለሁ፤ ጥሩ ልጅ ከሆነ ግን አልመልስም» ብላ አማቴን አስቀየመቻቸው። አንድ ነገር ብቻ ተደጋግሞ ተነገረኝ። ልጁ በእግሩ ቆሞ እስኪሄድ ድረስ «ልጄ» እንዳልለው፣ ሰው ሲጠይቀኝም የእኔ ነው እንዳልል። ይህን ካፈረስኩ የተደረገው ሁሉ ከንቱ ነው።

ልጁ ተወለደ። ወንድ ነው ሲሉኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እልልታ አልነበረም። አማቴ የመጡትን ሴቶች «ምንም የለም፣ ሆዷን አሟት ነው» እያሉ ከደጅ መለሷቸው፤ ገንፎውን እንኳ በር ዘግተው ነው ያገነፉት። በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ልጁን በአሮጌ ቡልኮ ጠቅልለው ወጡ። እኔ በግድግዳው ስንጥቅ አያለሁ። ጭጋጉ እንደ ልማዱ ከላይ ወርዶ አጥሩን ሸፍኖታል። አማቴ አመዱን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ረመጥ እንዳይኖር ነው። ከዚያ ልጁን አስተኙት፣ በእንብርክካቸው ሄደውም ከአጥሩ ኋላ ተደበቁ። እሳቸው ተደብቀው አይቼ አላውቅም ነበርና፣ ጭንቀት ይዞኝ ሳለ እንኳ ሳቄ መጣ።

ጎረቤታችን አልመጣችም። ለካ ላሟ ምጥ ይዟት እጇ ተይዞ ኖሯል። ከታች በኩል የሚያፏጭ ሰው መጣ። ፈረንጁ ነው፤ መጋዙን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ሥራው ይወጣል። ልጁ ትንሽ አለቀሰ። ፉጨቱ ቆመ። ፈረንጁ ጎንበስ አለ፤ ቡልኮውን ገለጠ፤ በገዛ ቋንቋው አንድ ነገር ጮኸ። ኮቱን ከፍቶ ልጁን ደረቱ ላይ ለጠፈው፣ መጋዙን እዚያው አመድ ላይ ጣለና ወደ ላይ ሮጠ።

አማቴ ከአጥሩ ኋላ ብቅ አሉ። አፋቸውን በነጠላቸው አፈኑ። «ልጃችን!» ብለው ቢጮሁ ነገሩ ፈረሰ። እየተደናበሩ ገቡ።

«ወሰደው!»

ማን እንደሆነ አይቻለሁ፤ ተነሳሁ።

«አራስ ሆነሽ የት ልትሄጂ?»

ቀሚሴን እየሳብኩ ነበር። ሲያዩኝ መከልከሉን ተዉትና ቤቱን ያምሱ ጀመር። «እንግዲያ ብረት ያዢ! ባዶ እጅሽን አትወጪም!» በእኛ ዘንድ አራስ ከቤት ስትወጣ ክፉ መንፈስ እንዳይጠጋት ብረት ትይዛለች። ብዙ ጊዜ ቢላዋ ነው። ቢላዋው ሲጠፋባቸው ከጣራው ክፈፍ ማጭድ መዝዘው እጄ ላይ አስጨበጡኝ።

ያን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። አማቴ ቀድመውኝ ይሄዱና ዞር ብለው «አንቺ ግትር!» ይሉኛል፤ ተመልሰው ደግሞ ትከሻቸውን ይሰጡኛል። ያን ቀን የተደገፍኩትን ትከሻ ቁጣቸው ሁሉ አያስረሳኝም።

ቅጥሩ ጋ ስንደርስ የሠራተኞች ሳቅ ሰማን። አራስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አትገባም፤ ከውጭ፣ ጭጋግ ውስጥ ቆምኩ። ፈረንጁ ልጁን እንዳቀፈ በሩ ላይ አለ። አንድ ካህን ከኋላው ቆመው «ያልተጠመቀ ሕፃን ይዘህ ቅጥር ውስጥ! ውጣ አልኩህ፣ ውጣ!» እያሉ ይገፉታል። አማቴ ወደ እሱ ሄዱ።

«ሙሴ፣ ያነሳኸውን ስጠን።»

«የማን ነው?» አለ። አማርኛው የተሰበረ ነው፣ ይገባል ግን።

«የማንም አይደለም።»

«አንተ አያቱ?» ወንዱንም ሴቱንም አንተ ነው የሚለው።

«እኔ? እኔ ምኑም አይደለሁም!»

«እሺ። የማንም ካልሆነ የእኔ ነው።»

ሠራተኞቹ በሳቅ ፈነዱ። «ሙሴ፣ ጡት አብቅል እንግዲህ!» አለው አንዱ። ሌላው «ለክርስትናው ጠላ ትጠምቃለህ ወይስ ባዶ እጅህን ነህ?» አለው። ሦስተኛው ወደ አማቴ ዞረ።

«እማማ፣ እውነት የማንም ካልሆነ ምን አስሮጠዎት?»

«ምን አገባህ! ድንጋይህን ጥረብ!»

በዚህ መሐል ፈረንጁ ወደ እኔ አየ። ፊቷ የገረጣ፣ ፀጉሯ የተንጨባረረ፣ ማጭድ የጨበጠች ሴት ከጭጋጉ ውስጥ ቆማለች። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተራመደ፤ ልጁንም በክንዱ ሸፈነው።

«እሷ ናት የጣለችው» አለ። «አሁን ልትገድለው መጣች።»

ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም። ሁሉም እጄን አየ። እኔ ምን ልበል? «እናቱ ነኝ» ብል ልጁን በገዛ አፌ ለሾተላይ መስጠቴ ነው። ልማዱ ባይከለክለኝ እንኳ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ድምፄ አይወጣም ነበር። ልጁ ከኮቱ ውስጥ ያለቅሳል። የራበው ልቅሶ ነው፤ እንዲህ ያለው ልቅሶ እየደከመ እንደሚሄድ ከሁለቱ አውቀዋለሁ።

ጎረቤታችን የደረሰችው በዚህ ጊዜ ነው። ጥጃውን ያዋለደችበት እጇ ገና አልታጠበም፤ እየሮጠች ከሩቅ ትጮሃለች።

«ሙሴ! ሙሴ! የኔን ድርሻ ነው የወሰድክ! እኔን ነበር የሚጠብቀው!»

ሠራተኞቹ መልሰው ሊስቁ ሲሉ ዓይኗን አፈጠጠችባቸው። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ ለፈረንጁ ነገረችው። ዛሬም ቃሏ ትዝ ይለኛል።

«ሁለት ቀብራለች። ይህኛውን ሞት እንዳያይባት ጣልነው። የተጣለ ነገር ማን ይፈልጋል? ሞትም አይፈልገው። የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው፤ ስም የሚያወጣለትም ያው ያነሳው ሰው። እናትየው የኔ ነው አትልም። እኔ ላነሳ ነበር፣ ላሜ ያዘችኝ፤ አንተ ቀደምክ።»

«ማጭዱስ?»

«ለጋኔን ነው እንጂ ላንተ መሰለህ?»

ፈረንጁ ተጠራጠረ። አልፈርድበትም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አመድ ላይ ላገኘሁት ልጅ እንዲህ ባለ ወሬ አልታለልም ነበር። አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እኔን ያያል።

ማጭዱን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

አማቴ «አንቺ! ብረቱን!» ብለው ደረታቸውን መቱ። መንፈስ ያገኘኛል ብለው ነው፤ እኔም ፈርቻለሁ። ግን ሁለት ባዶ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ልጁ አንዴ ጮክ ብሎ ሲያለቅስ ጡቴ በራሱ ፈሰሰ፤ የቀሚሴ ደረት እስከ መቀነቴ ራሰ። ከሐፍረቴ የተነሳ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ እንጂ ደረቴን አልሸፈንኩም። በነጠላው ውስጥ የማየው ጥላ ብቻ ነው። ጥላው ቀረበ። ክንዴ ላይ ክብደት ተሰማኝ፤ ቡልኮው ከሰውነቱ ሙቀት የተነሳ ይሞቃል፣ የተፋቀ እንጨት ይሸታል። ፈረንጁ የማን ነው ብሎ መልሶ አልጠየቀም።

«ስም!» አሉ አማቴ። «ስም አውጣለት ሙሴ! ያለ ስም ብትሰጣት ዋጋ የለውም!»

ጎንበስ ብሎ ልጁን አየው። ከዚያ «ሎፔ» አለ።

«ማን?»

«ሎፔ። የአያቴ ስም ነው። ተኩላ ማለት ነው።»

«ተኩላ!» አለች ጎረቤታችን። «እኛ የዪ የምንለው? ያ በግ የሚፈጀው?»

«አዎ። እሱ።»

አማቴ አሰቡበት። «ጅብ ብትለው ይበልጥ ያስፈራ ነበር» አሉ፤ «ግን ይሁን።» ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን ጭብጥ ገብስ ፈቱ። ፈረንጁ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ዘረጋና ተቀበላቸው። ይህን ሲያዩ ከሠራተኞቹ አንዱ እልል አለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አማቴ «ዝም በሉ! ምን የተገኘ ነገር አለ? ተኩላ ነው የገዛነው!» እያሉ ተቆጡ፤ ፊታቸውን አዙረው ግን ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ፈረንጁ መጋዙን ሊወስድ መጣ። አማቴ ከአመዱ አንስተው፣ ቅቤ ቀብተው አስቀምጠውለት ነበር። ጠላ ሰጡት፤ እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ። ያኔ ነው ስለ ስሙ የነገረን። አንዳንዱን በእጁ፣ አንዳንዱን በተሰበረ አማርኛው ነው የሚናገረው፤ አማቴ የማይገባቸውን ሳያፍሩ ይጠይቁታል።

አገሩ ተራራ ነው አለ። በክረምት ነጭ በረዶ ይወርዳል፣ በረዶውን ተከትሎ ተኩላ እስከ በረት ይመጣል። ለቤተ ክርስቲያናቸው እንደ እኛ ግዕዝ ያለ የጥንት ቋንቋ አላቸው፤ በዚያ ቋንቋ ተኩላ ሉፑስ ይባላል፣ ሎፔም ከዚያ የወጣ ስም ነው። በድሮ ዘመን ትልልቅ መኳንንት ይጠሩበት ነበር፤ በእኛ አገር ሰው ልጁን አንበሳው፣ ነብሮ እንደሚለው ለጀግንነት። የአያቱ መንደር አሮጊቶች ግን ሌላ ይላሉ። ልጅ የሞተባት እናት ቀጣዩን በአውሬው ስም ትጠራዋለች፤ ሞት ሲመጣ ዘመዱ መስሎት እንዲያልፈው።

አማቴ ጠላውን እየቀዱለት እጃቸው ቆመ። «እናንተም አገር ሾተላይ አለ?»

«ስሙን አላውቅም። ግን አለ። አያቴ ሁለት ወንድሞቹ ሞተው ነው የተወለደው።»

«ስንት ዘመን ኖሩ ታዲያ፣ አያትህ?»

«ጥርሱ ሁሉ እስኪወልቅ።»

«አሜን!» አሉ አማቴ፣ ጥርስ ማጣት ምርቃት እንደሆነ ሁሉ።

ሌላም ነገር ነገረን፤ ይህንን ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። በእኛ አገር የአባት ስም ከልጁ ጋር ነው የሚኖር፤ የልጅ ልጅ ሲመጣ ይለወጣል። በእነሱ አገር ግን የሎፔ ልጅ «ሎፔዝ» ይባላል፣ የሎፔ ወገን ነው እንደማለት፤ ልጁም፣ የልጅ ልጁም ያንኑ ስም ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ አገሩ በሎፔዝ የተሞላ ነው። ወታደሩም፣ ቄሱም፣ ጫማ ሰፊውም ሎፔዝ ነው። ልጁን ሎፔ ብሎ የሚጠራ ግን ጥቂት ሆነ። በመንደራቸው ከአያቱ በኋላ በዚያ ስም የተጠራ የለም።

«ልጅ የለኝም» አለ ፈረንጁ። «የሎፔ ወገን ነን የሚሉ ብዙ ናቸው። ሎፔ ራሱ ግን አልነበረም። አሁን እዚህ አለ።»

ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ልጁን አየሁት። ጠብቶ ተኝቷል። ያን ያህል ሰው፣ ያን ያህል ተራራና በረዶ ከኋላው እንዳለ አያውቅም። አመሰግናለሁ ማለት ፈልጌ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ በበራችን ባለፈ ቁጥር ቆም ይልና «ሎፔ ደህና?» ይላል፤ እኔም ከውስጥ ራሴን እነቀንቃለሁ። እንደማያየኝ ልብ አላልኩም ነበር። በኋላ ጎረቤታችን፣ «ሙሴ ዝም ማለትሽ ደህና ነው ማለት እንደሆነ ተረድቶታል» አለችኝ።

ክርስትናውን የካ ሚካኤል ወስደነው አጎቴ አነሱት። የክርስትና ስሙን አልጽፈውም፤ እሱ ለጸሎት ነው። የቤቱን ስም ሲሰሙ አንድ መሪጌታ ፊታቸውን አጨፈገጉና፣ «ተኩላ የበግ ጠላት ነው፤ ለክርስቲያን ልጅ አይሆንም» አሉ። አጎቴ ልጁን ከውሃው አውጥተው እያደረቁት ነበር። «በጎቿ ሁለት ጊዜ አልቀውባታል፤ አንድ ተኩላ ቢኖራት ምን ይላታል?» አሏቸው። መሪጌታው ሳቁ፣ ነገሩም በዚያው አበቃ። አጎቴን ስለ ፊደሉም፣ ስለዚያች ቃልም አመሰግናቸዋለሁ።

ባሌ ከዘመቻ ሲመለስ ልጁ ይቀመጥ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ አየው፤ ልጁም አየው።

«ማን አላችሁት?»

«ሎፔ» አሉ እናቱ።

«ይህ ደግሞ ምን የሚሉት በሽታ ነው?»

«ተኩላ ነው። ከፈረንጅ ገዛነው። በአንድ ጭብጥ ገብስ።»

ባሌ ጦሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቁጭ አለና ሁሉንም አስነገራቸው። ማጭዱ ላይ ሲደርሱ እስኪያስለው ሳቀ። በኋላ ብቻችንን ስንሆን ግን ሳቁ አልነበረም፤ «ያን ዳገት በአራስ ጎንሽ ወጣሽው?» ብሎ እግሬን ያዘ።

ፈረንጁ በቀጣዩ ዓመት ወደ ባሕሩ ከሚወርዱ ነጋዴዎች ጋር ሄደ። ሥራው አልቆ ነበር፤ ንጉሡም ወደ ፍልውኃው ሜዳ መውረድ አብዝተው ነበር። በበራችን ሲያልፍ ልጁን አንስቶ አየር ላይ ወረወረው፣ ቀለበው፣ ሰጠኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነጠላዬን ከፊቴ ዝቅ አድርጌ አየሁት። ከዚያ በላይ ምስጋና አላውቅም ነበር።

«ልጄ» ለማለት ጥቂት ሲቀረኝ፣ ልጁ ቆሞ ለመሄድ አጥር እየያዘ ሲለማመድ ትክትክ ገባበት። በየቤቱ ነበር ያን ጊዜ፤ ከታችኛው መንደር ትንንሽ ቀብሮች ይወጣሉ። ሲይዘው ይጠቁራል፣ ትንፋሹ ይቆማል፣ ከዚያ እንደ ወፍ ጮኾ ይመለሳል። ጎረቤታችን ከላሟ ወተት ታመጣለች፤ ባሌ ማር ፍለጋ ወንዝ ተሻግሮ ሄዷል። እኔ ልጁን ቀጥ አድርጌ ደረቴ ላይ ይዤ እቀመጣለሁ፤ ካጋደምኩት የሚያፍነው ይመስለኛል። እንቅልፍ ምን እንደሚመስል ረሳሁ።

ከጠያቂዎቹ አንዲቱ፣ አዋቂ የሚሏት ሴት፣ ልጁን አየችና «ስሙ ነው» አለች። «የባዕድ ስም ከበደው። ዛሬውኑ ቀይሩለት፣ ሳይመሽ።»

ሌሎቹ ሴቶች «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ። አማቴ እንኳ ፈርተዋል። ሁሉም ስም ማፈላለግ ጀመሩ። ልጁ ክንዴ ላይ ነው። ያ ሰው ከአመድ አንስቶ ደረቱ ላይ ሲለጥፈው፣ ከእኔ ከራሴ ሲከላከለው ታየኝ። ሞት የሚሸሽ ከሆነ ከዚያ ነው የሚሸሽ ብዬ አሰብኩ።

«አይቀየርም» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ድምፄን የማያውቁ ነበሩ፤ እኔም ራሴ ደነገጥኩ። ግን ደገምኩት። «ሎፔ ነው። አይቀየርም።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። አማቴ መጥተው ከኋላዬ ተቀመጡና ጀርባቸውን ለጀርባዬ መደገፊያ አደረጉልኝ። እንዲያ ሆነን ቀናት አለፉ። ሳሉ ወዲያው አልለቀቀውም፤ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ እንጂ። አንድ ቀን በቀትር፣ ፀሐዩ በበሩ ገብቶ እግራችን ላይ ወድቆ ሳለ ልጁ ከደረቴ ተንሸራቶ ወረደ። ምሰሶውን ይዞ ቆመ። ለቀቀው። እየተንገዳገደ እስከ ሌማቱ ሄደና ክዳኑን መታ፣ መታ። ርቦታል።

እጄን ልዘረጋለት ስል እጄ አልታዘዘኝም፤ ዓይኔም ይከደናል። አማቴ ከኋላዬ ተነሱ፤ የበጉን ለምድ ፀሐዩ ላይ አነጠፉ፤ ትከሻዬን ይዘው ቀስ ብለው አጋደሙኝ።

«ተኚ» አሉኝ። «ልጅሽን እኔ አበላዋለሁ።»